መጋዘን ውስጥ የቀረው መንገደኛ

ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም። ፊሽካው ከሜዳው ተሰማ።

ስብሐት ከተሰባበሩት ዴስኮች ኋላ ጉልበቱን አቅፎ እንደተቀመጠ ፈገግ አለ። ተጀመረ።

«መሮጥ የለም! መገፋፋት የለም! ዕቃ ረሳሁ ብሎ ወደ ኋላ የሚመለስ የለም!»

የምትጮኸው የዓለምወርቅ ነበረች። የመርከቡ ካፒቴን እሷ ናት።

የትምህርት ቤቱ መጋዘን ጨለማ ነው። በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን መሬቱ ላይ ነጠብጣብ ሠርቷል። ስብሐት ግን ውጭ ያለውን ሁሉ ተቀምጦ በሐሳቡ ያየው ነበር፤ ሜዳው ላይ በኖራ የተሰመረውን ትልቅ መርከብ፣ ጀልባ የሆኑትን አግዳሚ ወንበሮች፣ ከማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍተው ገለባ የተሞሉትንና ብርቱካንማ ቀለም የተቀቡትን የሕይወት አድን ጃኬቶች። ጃኬቶቹ አንገት ይበላሉ፤ ከልምምድ በኋላ ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ሲያክ ያመሻል። ከድንኳኑ ሥር ደግሞ ወላጆችና ከከፍተኛው አስተዳደር የመጡት እንግዶች ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ነው፣ የወላጆች ቀን፤ የስብሐት ክፍል የመርከብ አደጋ ልምምድ በትርኢት ያሳያል።

አሁን ስም ጥሪ ነው። የዓለምወርቅ ስትጠራ እያንዳንዱ መንገደኛ «አቤት!» ይላል። የስብሐት ስም ሲጠራ ግን መልስ አይኖርም። እሱ ጭስ ያፈነው፣ ክፍሉ ውስጥ ራሱን ስቶ የቀረ መንገደኛ ነው። ሁለት ጊዜ ይጠራል። ዝም። «አንድ ሰው ጎድሏል!» ትላለች ካፒቴኗ። ያኔ የፈላጊዎቹ አለቃ ቶለሳ ሁለት ልጆች አስከትሎ ይሮጣል፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ይከፍታል፣ ስብሐትን ተሸክመው በሜዳው መሃል ያመጡታል። በልምምድ ጊዜ እዚህ ላይ ሲደርሱ የሌላ ክፍል ልጆች እንኳን ጨዋታቸውን ትተው ያዩ ነበር።

«ስብሐት ይገዙ!»

ትንፋሹን ዋጠ። ከሁሉም የሚወደው ይቺን ዝምታ ነው።

«አቤት!» አለ አንድ ድምፅ።

ስብሐት ቀና አለ። ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ቦኖ ላይ የውሃ ወረፋ ይዞ ሲያረፍድ በክፍሉ ስም ጥሪ በሱ ምትክ «አቤት» የሚልለት ድምፅ ነው። የቶለሳ ድምፅ።

ጥሪው ቀጠለ። ሌላ ስም፣ ሌላ አቤት። በመጨረሻ የዓለምወርቅ «መንገደኞች በሙሉ ተገኝተዋል! ወደ ጀልባ!» አለች። ጭብጨባው ሜዳውን ሞላው።

ተሳስተው ነው፣ አለ ስብሐት በልቡ። ቶለሳ ለምዶበት አምልጦት ነው። አሁን ትዝ ይለውና ይመጣል። በሩን ሊደበድብ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። ራሱን የሳተ ሰው በር አይደበድብም። ደግሞ በእንግዶች ፊት ጨዋታውን ቢያበላሸውስ? ዝም ብሎ ጠበቀ። ማርሽ ባንዱ መምታት ጀመረ። ከዚያ ንግግር መጣ፣ ከንግግሩ በኋላ ሌላ ንግግር። ቆይቶ በሩን ሲመታው ከበሮው ድምፁን ዋጠው።

ይህን ሁሉ ያመጣው እሱ ነበር። አጎቱ ዓምሃ በወጣትነታቸው የውጭ አገር የሽርሽር መርከብ ላይ መኝታ ክፍል አንጣፊ ሆነው ሠርተዋል። አሁን ሆቴል ቤት ነው የሚሠሩት። የመርከቡን ነገር ሲያወሩ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ከሁሉም ስብሐትን የማረከው ስለ ማዕበሉ የነገሩት አልነበረም፤ ስለ ልምምዱ የነገሩት ነው። መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ፊሽካው ይነፋል። ያ ሁሉ ሀብታም፣ ግማሹ በሌሊት ልብሱ፣ ግማሹ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ ብርቱካንማ ጃኬት አጥልቆ በየመሰብሰቢያው ይቆማል። አንዷ አሮጊት ለውሻዋም ጃኬት ስጡኝ ብላ ታለቅሳለች። አንዱ ሰውዬ «ሚስቴ እየመጣች ነው፣ ስሟ ላይ ምልክት አድርጉላት» ቢል አይሰማም። እሷ ራሷ መጥታ አለሁ ካላለች የለችም ማለት ነው፤ ሠራተኛው ሄዶ የክፍሏን በር ያንኳኳል።

ስብሐት ይህን ለጂኦግራፊ አስተማሪያቸው ለቲቸር አፀደ ሲነግራት ጠመኔዋን አስቀምጣ ሳቀች። «ጉለሌ ላይ መርከብ እናንሳፍፍ ትለኛለህ?» አለችው። በማግስቱ ክፍሉን በሙሉ ሜዳ አወጣችው። በኋላ ደግሞ ወሬ መጣ፤ በወላጆች ቀን አንደኛ የሚወጣው ክፍል ሁለት ተማሪ ወደ አሰብ ይልካል። ከከፍተኛው ወጣቶች ጋር በአውቶቡስ ይሄዳሉ፣ ወደብ ያያሉ፣ መርከብ ላይ ይወጣሉ። «ካሸነፍን ካፒቴኗና የጠፋው መንገደኛ ይሄዳሉ» አለች ቲቸር አፀደ። «ሐሳቡም የስብሐት ስለሆነ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስብሐት ባሕር ያልመጣበት እንቅልፍ አልተኛም። ክረምት ላይ ከቁስቋም ቁልቁል ሲያይ ከተማውን የሚውጠውን ጉም ባሕር ነው እያለ ነበር ያደገው። አሁን ግን እውነተኛውን፣ ጨው ጨው የሚለውን ሊያየው ነው። ይህን ለማንም አልነገረም፤ ለቶለሳ ብቻ። ቶለሳ ዝም ብሎ ሰምቶት ነበር።

ሜዳው ጸጥ ካለ በኋላ የመጋዘኑ በር ተከፈተ። ጥበቃው ጋሽ ባጫ ነበሩ።

«ውጣ እንግዲህ የኔ ልጅ። አሸነፋችሁ አሉ» አሉ እየሳቁ።

«ጋሽ ባጫ፣ ማን ነገረዎት እዚህ እንዳለሁ?»

«ጓደኛህ ነዋ። ገና ሳይጀመር ቁልፉን ሰጥቶኝ ሄደ። እንግዶቹ ሲሄዱ ይክፈቱለት፣ ጨዋታው እንደዚያ ነው አለኝ። ምነው፣ አይደለም እንዴ?»

ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። ገና ሳይጀመር! በሩን ሲቆልፍበት ቶለሳ በስንጥቁ «አይዞህ፣ አሁኑኑ እንመጣለን» ብሎት ነበር።

ሜዳው ላይ ቲቸር አፀደና የዓለምወርቅ ጃኬቶቹን እየሰበሰቡ ነው። የኖራው መርከብ በሰው እግር ተረግጦ ግማሹ ጠፍቷል። የዓለምወርቅ ቀድማ አየችው።

«እንዴ! ሆድህ ተሻለህ?»

«ሆዴ?»

«ቶለሳ ነግሮናል። ሌሊቱን ሲያስመልስህ አድሮ ቀረህ አለ። እኔማ አለቀልን ብዬ ልሞት ነበር! እሱ ነው ያዳነን። 'ስሙን ጥሪው፣ እኔ አቤት እላለሁ፣ ማንም ያልጠፋበት ልምምድ አድርገን እናሳይ' አለ። ቶለሳ'ኮ አራዳ ነው።»

ቲቸር አፀደ ቀና አላለችም። አንድ ጃኬት በሌላው ላይ አጥፋ ደረበች። «ሰው መታመሙ ያለ ነው» አለች። «ግን ለኔ ትልክብኛለህ እንጂ በመጨረሻው ደቂቃ ጓደኛህን አታስጨንቀውም። አንተን ተማምኜ ነበር፣ ስብሐት።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አሰብ የዓለምወርቅና ቶለሳ ይሄዳሉ። ተገቢ ነው። አይደለም?» አለችው።

እሱ ራሱ ገና ያላመነውን ነገር እንዴት አድርጎ ለሌላ ሰው ይንገር? «እሺ፣ ቲቸር» አለ። ለምን እሺ እንዳለ ራሱም አላወቀም።

ወደ ቤቱ አልሄደም። ወደ ቀጨኔ የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘ። ቶለሳ ከቤታቸው አጠገብ ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጦ የካልሲ ኳስ በገመድ ያስር ነበር። ስብሐትን ሲያይ እጁ ቆመ።

«መጣህ?»

«ወጣሁ» አለ ስብሐት።

«አትቆጣ በናትህ። ቁልፉ ጠፍቶብኝ ነው። ደነገጥኩ። እንግዶቹ ቁጭ ብለው እያዩ ምን ላድርግ...»

«ጋሽ ባጫ ነግረውኛል። ቁልፉን አንተ ነህ የሰጠሃቸው።»

ቶለሳ ኳሱን አየ። ገመዱን አንድ ጊዜ አዙሮ አጠበቀው።

«ቲቸርን ሆዱን አመመው ያልካት ከቆለፍክብኝ በፊት ነው በኋላ?» ብሎ ጠየቀው ስብሐት። ለምን ይህን ማወቅ እንደፈለገ አልገባውም። ግን ፈለገ።

«በኋላ።»

«አይዞህ ካልከኝ በኋላ?»

«አቦ፣ በቃ አትመርምረኝ!» ቶለሳ ከአጥሩ ዘሎ ወረደ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «ለሜሳ አሰብ ነው ያለው። ታውቃለህ አይደል? ወደብ ላይ ጫኝ ሆኖ ከሄደ በኋላ አንድ ጊዜ ነው ወሬው የመጣልን። ታሟል የሚል አለ፣ ሞቷል የሚል አለ። እማዬ በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳለች። አንተ ባሕር ለማየት ነው የምትሄደው። ውሃ! እኔ ወንድሜን ነው የማየው።»

ስብሐት ለሜሳን ያውቀዋል። ኳስ ሲጫወቱ በረኛ እየሆነ ሆን ብሎ ጎል ያስገባላቸው ነበር። ንዴቱ ለአፍታ መቆሚያ አጣ።

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አለ።

«ብጠይቅህ ትለቅልኝ ነበር?»

ስብሐት አዎ ሊል አፉን ከፈተ። አዎ ማለት ቀላል ነበር፤ አሁን ምንም አያስከፍልም። ግን በየሌሊቱ የሚያየው ያ ሰማያዊ ውሃ ድቅን አለበትና ቃሉ አልመጣለት አለ።

«አየህ» አለ ቶለሳ በቀስታ።

«አላውቅም! እለቅልህ ይሆናል፣ አልለቅልህም ይሆናል። ግን እሺም እንቢም የምለው እኔ ነበርኩ። አንተ በኔ ምትክ መለስከው።»

«በየጠዋቱስ ስመልስልህ? ያኔ ለምን አልተቆጣህም?»

«ያኔ እንድመጣ ትጠብቀኝ ነበር። ዛሬ እንዳልመጣ ቆለፍክብኝ።»

ከታች ካለው ቤት ልጇን የምትጠራ እናት ድምፅ ይሰማል። ቶለሳ እጅጌውን ወደ አፍንጫው ወሰደ።

«ስማኝ። ብትናገር ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? እኔን ወላጅ ያስመጡኛል። እንግዶቹን ዋሻችሁ ተብሎ ክፍሉ ሊሰረዝ ይችላል፤ የዓለምወርቅም ትቀራለች። ዝም ብትል ግን ማንም አይጎዳም። የሆድ ሕመም ነው፣ ነገ ይረሱታል።»

«ማንም?» አለ ስብሐት።

ቶለሳ ዓይኑን አነሳ፤ ወዲያው መልሶ ጣለው።

ስብሐት ቤት ሲደርስ አጎቱ ዓምሃ ከሥራ ተመልሰው ጫማቸውን ያወልቁ ነበር። ፈረቃ ገብተው ነው ሳይመጡ የቀሩት።

«እህ፣ የጠፋው መንገደኛ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «እንዴት ነበር? አገኙህ ወይ?»

ስብሐት የውሃውን ጄሪካን አነሳ፤ ባዶ ነበር። «አገኙኝ» አለ።

«ቶሎ?»

«ቶሎ።»

«እኛ አንድ ጊዜ መርከቡን በሙሉ ስንፈልግ የጠፋው ሰውዬ ለካ ፀጉር ቤት ተቀምጦ ፂሙን ይላጫል! ሲያገኙት ተቆጣ ደግሞ።» ብቻቸውን ሳቁ። ቀና ብለው ስብሐትን ሲያዩት ሳቃቸው ሳያልቅ ቆመ። «ምነው? ደስ አላለህም?»

«ደክሞኝ ነው፣ ጋሼ።»

ጄሪካኑን ይዞ ወጣ። ቦኖው ጋ ወረፋ አልነበረም፤ ግን ቆመ። አጎቱን ዋሽቷቸው አያውቅም። ቶለሳ የጀመረው ውሸት አሁን በገዛ አፉ ወጣ፣ ያውም ሳይቸግረው። ነገ እናቱ ስትጠይቀው ይደግመዋል። ቶለሳ ከአሰብ ሲመለስ ደግሞ ክፍሉ ፊት ቆሞ ባሕሩን ሲያወራ፣ እሱ የታመመው ልጅ ሆኖ ይሰማል። ውሃው ጄሪካኑን ሞልቶ እግሩ ላይ ሲፈስ ነው የነቃው።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ሲገባ ከኋላ ወንበር አንዱ ሆዱን ይዞ ተንፈራፈረ።

«ኧረ ካፒቴን ተቅማጥ መጣ! መንገድ ልቀቁ!»

«መጸዳጃ ቤቱ በስተግራ ነው፣ ጓድ መንገደኛ!» አለ ሌላው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ስብሐት ወደ ቦታው ሄደ። ከቶለሳ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ዞር ብሎ አየው። ቶለሳ እየሳቀ ነበር። የሳቀው ትንሽ ነው፤ ከሌሎቹ እንዳይለይ ያህል ብቻ፤ ከንፈሩ ሲስቅ ዓይኑ ዴስኩ ላይ ተተክሏል። ስብሐትን በመጋዘኑ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ጨለማ እንኳን፣ ቶለሳ እንደዚህ አልራቀውም ነበር። ደብተሩን አነሳና ግድግዳው ሥር ወዳለው ባዶ ወንበር ሄደ።

እስከ እረፍት ድረስ አንድም ነገር አልጻፈም። ስለ ለሜሳ አሰበ። የቶለሳ እናት በሩ ሲንኳኳ እንዴት እንደሚነሱ አሰበ፤ እሱም ያንን በር ብዙ ጊዜ አንኳኩቷል፣ እሱ መሆኑን ሲያዩ ፈገግ ብለው እንደሚቀመጡ ያስታውሳል። የአውቶቡሱን ወንበር ለቶለሳ ሊሰጠው ምናልባት ይችላል። ምናልባት። ግን የሚሰጠው መጀመሪያ የሱ ከሆነ ነው። አሁን በእጁ ምንም የለም፤ ቅዳሜ ዕለት የሆነው እንኳን የሱ አይደለም። የዚያን ቀን እሱ ቤቱ ተኝቶ ሲያስመልሰው ነበር፤ ሁሉም ያውቃል።

ደወሉ ሲመታ ተነሳ። የአስተማሪዎቹ ክፍል ከደረጃው በላይ ነው። ቶለሳ ተከትሎት ወጣና ከደረጃው ግርጌ ደረሰበት።

«ልትነግራት ነው?»

«ነው።»

«ስብሐት፣ በናትህ። በማርያም።»

«አብረን እንግባ» አለ ስብሐት። «ስለ ለሜሳም አንተው ንገራት። እኔ የት እንደነበርኩ ብቻ ነው የምናገረው።»

«ባትሰማኝስ?»

«አላውቅም።»

ቶለሳ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ጉልበቱን አቅፎ መሬት መሬቱን አየ። ስብሐት ትንሽ ቆመለት። ከዚያ በአጠገቡ አልፎ ወጣ፤ ሲያልፍ እግሩ የቶለሳን ትከሻ ሊነካው ምንም አልቀረውም ነበር። በሩን አንኳኳ።

ቲቸር አፀደ ብቻዋን ነበረች፤ የፈተና ወረቀት ታርማለች። «ግባ፣ ስብሐት» አለች። «ሆድህ እንዴት ሆነ?»

«ሆዴን አላመመኝም፣ ቲቸር።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ረጅም ጊዜ አየችው፤ መጀመሪያ በቁጣ፣ ቀጥሎ በሌላ ዓይነት ዓይን። ወንበር በእጇ አሳየችው።

«ተቀመጥ። በሩን ዝጋውና ንገረኝ።»

ስብሐት ወደ ኋላ ዞረ። ቶለሳ ከደረጃው ላይ ተነስቶ ቆሟል፤ አንድ እግሩ ከፍ ያለው ደረጃ ላይ ነው፣ አንዱ ታች። ወደዚህ ይሁን ወደዚያ አልታወቀም።

«በሩ ትንሽ ክፍት ይቆይ፣ ቲቸር» አለ ስብሐት። «ሌላም ሰው ሊመጣ ይችላል።»

ከዚያ ማንንም ሳይጠብቅ መናገር ጀመረ።